ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በአስተዳዳሪነት የሚዛወር ካህን እንዴት ይዘጋጅ?

ደሴ ላይ በቅዳሴ አገልግሎት ቆይተው ኮምቦልቻ ለሚገኝ ደብር አስተዳዳሪ ሆነው እንደሚመደቡ ከተነገረዎ፣ በመጀመሪያ ደብዳቤውን በእጅዎ ያስገቡ። የደቡብ ወሎ ሀገረ ስብከት የምደባ ደብዳቤ ሳይደርስዎ ምእመናንን መሰናበትም ሆነ ቤት መልቀቅ አይገባም። ሲደርስዎ የኃላፊነቱ መጠሪያና ሥራ የሚጀመርበት ቀን መጻፉን ይመልከቱ። የአጥቢያ አገልጋይ ደመወዝ በአብዛኛው ከደብሩ ገቢ ስለሚከፈል፣ የቀድሞው ደብር እስከ መቼ እንደሚከፍልና አዲሱ ከመቼ እንደሚጀምር አስቀድሞ ካልተለየ በመካከል ያለው ወር ያለ ከፋይ ይቀራል።

የንስሐ ልጆችዎን ጉዳይ ለመጨረሻው ሳምንት አያቆዩት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ መድረስ ብዙ ጊዜ ስለማይፈጅ፣ «እየተመላለስኩ አያችኋለሁ» ማለት ይቀናል፤ ነገር ግን በሌሊት ሰው ሲያጣጥር የሚፈለገው በቅርብ ያለ ካህን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቤተሰብ ጠይቀው፣ ፈቃደኛ የሆነውን ደሴ ለሚቀር ካህን ቤቱ ድረስ ወስደው ያስተዋውቁ። ለተተኪው የሚነገረው ስምና ሰፈር ብቻ ሲሆን፣ በኑዛዜ የሰሙት ከእርስዎ ጋር ይቀራል።

ከሁሉ የሚከብደው ርክክቡ ነው። የቀድሞው አስተዳዳሪ ቁልፉን ሰጥተው ቢሄዱና «ሁሉም በመዝገቡ ላይ አለ» ቢባሉ እንኳ፣ ሳይቆጥሩ አይፈርሙ። በቃለ ዓዋዲው (በሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንቡ) መሠረት የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ስለሚሆኑ፣ ነገ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ቆጠራው የቤተ ክርስቲያኑን ንዋያት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዙ፣ የንብረት ክፍሉ ኃላፊና የጉባኤው ተወካዮች ባሉበት ይከናወን፤ በመቅደስ ያሉትን የቅዳሴ ዕቃዎች (ጻሕል፣ ጽዋዕና ዕርፈ መስቀል) ግን ቆጥረው የሚያስመዘግቡት ካህናቱና ዲያቆናቱ ብቻ ናቸው። የብራና መጻሕፍት ሲቆጠሩ «አንድ ተአምረ ማርያም» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የቅጠሉ ብዛት፣ ሥዕል ያለባቸው ገጾችና የተቀደደው ወይም እርጥበት የነካው ቦታ ይጻፍ፤ ከተቻለም ፎቶግራፍ ይነሣ። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴንና ኮምቦልቻን ያዳረሰ በመሆኑ፣ የንብረት መዝገቡ ከዚያ በኋላ ታድሶ እንደሆነ ይጠይቁ። የጎደለው ነገር በቃለ ጉባኤ «ጎደለ» ተብሎ ይስፈር እንጂ፣ ማን እንዳጎደለው በዚያው ቀን ለመፍረድ አይቸኩሉ። የባንክ ፈራሚዎች ለውጥ እስኪጠናቀቅም ወጪ ባይደረግ ይመረጣል።

ኮምቦልቻ ከደሴ ይሞቃል፤ ወፍራሙን ጋቢ በየቀኑ አይፈልጉትም። የሕዝቡም አኗኗር ለየት ይላል። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በተጨማሪ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ በፈረቃ የሚሠሩና በኪራይ ቤት የሚኖሩ ወጣቶች ከተማዋ ውስጥ አሉ። የብዙዎቹ የንስሐ አባት የትውልድ መንደራቸው ካህን ስለሆኑ፣ ሲታመሙ የሚጠሩት አባት አያገኙም። የሠርክ ጉባኤው ሰዓት ከፈረቃው ጋር እንዳይጋጭ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ጋር ይመካከሩ፤ ከእነዚህ ልጆች ዘንድ መድረስ ከማንኛውም የሕንፃ ዕቅድ ይቀድማል ብዬ አምናለሁ።

በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በጋብቻና በጉርብትና የተሳሰረ ነው፤ በአንድ ቅሬ (ዕድር) አብሮ የሚቀብርበት ሰፈርም አለ። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር የቅሬውን ዳኛና የሰፈሩን ሽማግሌዎች ከሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር ጋር ሄደው ይተዋወቁ፤ የሙስሊም ጎረቤት ለቅሶም አይለፍዎ።

የመጀመሪያው ዓመታዊ ንግሥ እስኪያልፍ ድረስ የአገልግሎቱን ሥርዓት እንዳገኙት ያቆዩት። ታቦቱ በየትኛው መንገድ እንደሚዞር፣ ወረብ የሚያቀርቡት እነማን እንደሆኑና የስዕለቱ ገንዘብ በማን ፊት እንደሚቆጠር ከቄሰ ገበዙና ከመሪጌታው ጠይቀው በማስታወሻ ይያዙ፤ የሚሻሻል ነገር ካለ ከበዓሉ በኋላ በሚደረገው ስብሰባ በአጀንዳ ያስይዙት።