ሲሮጡ የታጠቁት፦ ኑክሌር ማመንጫ ሲገነባ የሚሠሩ ስህተቶች

ፊንላንድ ውስጥ ኦልኪሉቶ የምትባል ደሴት አለች። እዚያ ባለው የኑክሌር ማመንጫ ሦስተኛው ሬአክተር (ሙቀቱን የሚያመነጨው ክፍል) መገንባት የጀመረው በ2005 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2009 ኤሌክትሪክ ይሰጣል ተባለ። መደበኛ ምርት የጀመረው ግን ኤፕሪል 2023 ላይ ነው። ፈረንሳይ ፍላማንቪል ላይ ያንኑ ዓይነት ሬአክተር በ2007 ጀምራ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ያገናኘችው በዲሴምበር 2024 ነው። እነዚህ መሐንዲስ የቸገራቸው አገሮች አይደሉም። ኢትዮጵያም በሴፕቴምበር 2025 ከሩሲያው የኑክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር የኑክሌር ማመንጫ ዕቅድ ስለተፈራረመች የነሱን ስህተት አንድ በአንድ ማየት ይጠቅመናል።

የመጀመሪያውና የሌሎቹ ሁሉ እናት፣ ንድፉ ሳያልቅ መቆፈር ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ተራ ፎቅ ቤት ላይ የቧንቧ መስመር ቢረሳ ግድግዳው በመሮ ተበስቶ ነገሩ ያልቃል። ኑክሌር ላይ እንዲህ ያለ ቀልድ የለም። ግድግዳው ጨረር እንዲያግድና የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲችል ተሰልቷል። አንዲት ቀዳዳ ለመጨመር ስሌቱ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም እንደ አዲስ ይመረምረዋል። እስኪፈቀድ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። የብድሩ ወለድ ግን አይጠብቅም። ኦልኪሉቶ ላይ ሥራው ሲጀመር ዝርዝር ንድፉ ገና ብዙ ይቀረው ነበር። የሬአክተሩ አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ ንድፍ ብቻውን ለዓመታት ሲያነታርክ ቆየ።

ሁለተኛው “ይሄን እኮ ድሮም ሠርተነዋል” የሚለው ኩራት ነው። አዎ፣ ኦልኪሉቶን ከጀርመኖች ጋር የገነቡት ፈረንሳዮች በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በርካታ ሬአክተሮች ገንብተዋል። የሠሯቸው ሰዎች ግን ጡረታ ወጥተዋል። ኦልኪሉቶ ላይ ገና የመሠረቱ አርማታ ሲሞላ የውሃው መጠን ከተፈለገው በላይ ሆኖ ተገኘ። ስቱክ የተባለው የፊንላንድ ተቆጣጣሪ በ2006 ሲመረምር፣ ንዑስ ተቋራጮቹ ለኑክሌር ሥራ የሚጠየቀው ጥንቃቄ በቅጡ እንዳልተነገራቸው ደረሰበት። ያን ሁሉ ጥራት የሚጠይቀው ውል ከላይ ተፈርሞ፣ ሲሚንቶ የሚያቦካው ሰው ጋ አልወረደም ማለት ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የፍላማንቪል ብየዳ ነው። እንፋሎቱን ከሬአክተሩ ሕንፃ ወደ ተርባይኑ የሚወስዱት ቧንቧዎች ብየዳቸው የተጠየቀውን ደረጃ አላሟላም። ከነሱ ስምንቱ ድርብ በሆነው የሕንፃው ግድግዳ ውስጥ ሲያልፉ የሚገኙ ናቸው፤ እጅ አይደርስባቸውም። የማመንጫው ባለቤት ኩባንያ ሬአክተሩን አስነስቶ በኋላ ለመጠገን ጠየቀ። የፈረንሳዩ ተቆጣጣሪ በ2019 አይሆንም፣ መጀመሪያ ይጠገን አለ። በመጨረሻ በቧንቧው ውስጥ የሚገባ ሮቦት ተሠርቶ ተጠገነ። ችግሩ በታየ ዕለት ቧንቧውን አውጥቶ መልሶ መበየድ ምን ያህል ቀላል ይሆን ነበር! ጉድለትን ማሳደር ሦስተኛው ስህተት ይባል።

ዋጋ ከተቆረጠ ጣጣው የኮንትራክተሩ ነው ብሎ መተኛትስ? ኦልኪሉቶ በቋሚ ዋጋ፣ በ3 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር የተዋዋለው። ገዢና ሻጭ ለዓመታት ተካሰው፣ በ2018 ሻጩ 450 ሚሊዮን ዩሮ ካሳ ለመክፈል ተስማማ። ካሳ ደግሞ መብራት አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ ሬአክተር ሠሪው ዌስቲንግሃውስ በማርች 2017 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ሲገነቡ የነበሩ ሁለት ሬአክተሮች 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከወጣባቸው በኋላ ተተዉ።

ወረቀት ማመንም አለ። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ በ2013 የመቆጣጠሪያ ኬብሎች የሙከራ ሰነድ ተጭበርብሮ ተገኘ። ሺን ኮሪ በተባለው ማመንጫ ላይ የተዘረጋው ኬብል ተነቅሎ በሌላ ተተካ።

ሕንፃውን እየሠሩ ሰዉን መርሳትም ቀላል ስህተት አይደለም። የአቡዳቢው ባራካህ የመጀመሪያ ሬአክተር ግንባታው አለቀ የተባለው በማርች 2018 ነበር። የሥራ ፈቃዱ የተሰጠው በፌብሩዋሪ 2020 ነው። ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት የኦፕሬተሮቹ ሥልጠናና ዝግጅት ነበር። የመቆጣጠሪያ ክፍል ሠራተኛ በጥቂት ወር ኮርስ አይወጣም፤ ምልመላው ከቁፋሮው ጋር አብሮ መጀመር አለበት።

የመጨረሻው፣ ሙከራውን እንደ ሪባን መቁረጫ መቁጠር ነው። ኦልኪሉቶ ላይ ገና ነዳጅ ሳይጫን ውሃው ሞቆ ሲሞከር፣ የግፊት መቆጣጠሪያው ቧንቧ ሲንቀጠቀጥ ተገኘ። እሱ ተስተካከለ። ዲሴምበር 2021 ላይ ኑክሌር ኃይል የሚሰጠው ሰንሰለታዊ ሂደት ተጀመረ፤ ማርች 2022 ላይ ከመስመር ጋር ተገናኘ፤ ሴፕቴምበር ላይ ሙሉ ኃይል ደረሰ። ሰው ሁሉ አለቀ ባለበት፣ ኦክቶበር ላይ በመጋቢ ውሃ ፓምፖቹ ውስጥ ስንጥቅ ታየ። የሬአክተሩ ደህንነት አልተነካም። ክረምቱ ግን ገብቶ ነበር፣ ፊንላንድም ያን ኃይል በብርዱ ወራት አጥብቃ ትፈልገው ነበር።