በ13 ወር 13 ፎቶ፦ የጎንደርን ወቅቶች ከቤት ሳይርቁ እንዴት ማየትና ማንሳት ይቻላል

ጎንደር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ግንቡ ነው። ካሜራ የያዘ ሁሉ ወደዚያው ይሄዳል። ተፈጥሮ ከተባለ ደግሞ ስሜን ተራራ ካልተወጣ ያለ አይመስለንም። ደባርቅ ግን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪና ይፈልጋል፣ ገንዘብ ይፈልጋል፣ መንገዱም ሁልጊዜ አይመችም። እኔ ላሳያችሁ የምፈልገው ዳቦ ገዝታችሁ እስክትመለሱ ድረስ በመንገዳችሁ ላይ ያለውን ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። አንድ ዛፍ፣ አንድ መቆሚያ፣ በወር አንድ ቀን። ዓመቱ ሲያልቅ 13 ፎቶ ይኖራችኋል።

መጀመሪያ ዛፉን ምረጡ

በየቀኑ በአጠገቡ የምታልፉት ይሁን። ለዚህ ብላችሁ ታክሲ የምትይዙ ከሆነ ሦስተኛው ወር ላይ ትተዉታላችሁ።

ጽድ በጣም ያምራል፤ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ግቢ ያየ ያውቀዋል። ግን ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ስለሆነ ለውጡ ብዙም አይታይም። ለጀማሪ ብሳናን እመክራለሁ። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፣ ጀርባው ብርማ ነው። ንፋስ ሲገለብጠው ዛፉ በአንዴ መልኩን ይቀይራል። አርጅቶ ሊረግፍ ሲል ደግሞ ብርቱካንማ ይሆናል። አበባ ሲያወጣ ንቡ ሌላ ነው።

የእኔ ዛፍ ብሳና ነው፣ ከሥላሴ ወደ ቤት ስወርድ መንገድ ዳር ያለ። በየወሩ በ7 ሥላሴን ስሜ ስመለስ አነሳዋለሁ። ቀኑን ከበዓል ጋር ማያያዝ ጥሩ ነው፣ አይረሳም። ጳጉሜን ላይ 7 ስለሌለ በ3፣ በሩፋኤል አነሳለሁ። ያን ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘንባል። ልጆች ጠበል ነው ብለው ዝናቡ ውስጥ ሲቦርቁ ከኋላ ይገባሉ።

ቀጥሎ መቆሚያችሁን ምልክት አድርጉ

ይሄን ቸል አትበሉ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ፣ አንዴ በቁም፣ አንዴ በአግድም አነሳሁ። መጨረሻ ላይ ሳያቸው አንድ ዛፍ መሆናቸውም ያጠራጥራል።

ስለዚህ የማይንቀሳቀስ ነገር ፈልጉ። ድንጋይ፣ የአጥር ጥግ፣ የመብራት እንጨት ይሆናል። እዚያ ቁሙ። ስልኩን በአግድም ያዙ። በካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ስክሪኑን በመስመር የሚከፋፍለውን አብሩት፤ የዛፉን ግንድ ሁልጊዜ በአንዱ መስመር ላይ አስተካክሉ። ባለፈው ወር ያነሳችሁትን ከፍታችሁ አስተያዩ። ዙም አትጠቀሙ፣ ብዙ ስልክ ላይ ጥራቱን ይገድለዋል። መቅረብ ከፈለጋችሁ በእግራችሁ ቅረቡ።

ሰዓቱም ያው ይሁን። ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው። ፀሐይ በሰኔ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ትወጣለች፤ በጥር ግን ወደ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ከተራራ ሥር የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ትዘገይባችኋለች።

ከዚያ ዓመቱን ተከተሉት

የዘመን አቆጣጠራችን ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። መፀው እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ እስከ ሰኔ 25 ይዘልቃል። ብዙ ሰው መስከረምን ፀደይ ይለዋል። በአቆጣጠሩ ግን አደይ አበባ የሚፈነዳው ክረምቱ ገና ሳይወጣ ነው።

ክረምት። ሰው ስልኩን ኪሱ ውስጥ የሚከትበት ጊዜ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት ጉሙ ከቀሃና ከአንገረብ ሸለቆ ይነሳል። ጎሃ ላይ ወጥታችሁ ብታዩ ከተማው ግማሹ የለም። እዚህ ላይ ስልኩ ያታልላል። ነጭ ጉም ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ፎቶውን ያጠቁረዋል። ስክሪኑ ላይ ዛፉን ንኩት። ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትመጣለች። እሷን ጥቂት ወደ ላይ ግፏት። ጉሙ ነጭ፣ ዛፉ ዛፍ ይሆናል።

ስልኩን ከዝናብ ለመከላከል ንጹህ ፌስታል ይበቃል፤ ለሌንሱ ብቻ ቀዳዳ አውጡለት። ሌንሱን በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ጥረጉ። ሞልቶ የሚወርድ ወንዝ ዳር ግን አትቁሙ። እናንተ ጋ ሳይዘንብ ላይኛው አገር ዘንቦ ደራሽ ውሃ ሊመጣ ይችላል። መብረቅ ካለ ደግሞ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፣ የራሳችሁም ዛፍ ቢሆን።

መስከረም። አደይ አበባ ላይ ጊዜ ስጡ። አብዛኛው ሰው ከላይ ወደ ታች አንስቶ ይሄዳል፤ የሚወጣለት ቢጫ ነጠብጣብ ነው። ተንበርከኩ። ስልኩን ከአበባው እኩል አድርጉት፣ ከዚያም ትንሽ ዝቅ። ፀሐይዋ ከአበባው ኋላ ትሁን። ያኔ የአበባው ቅጠል ውስጡ መብራት እንዳለ ሁሉ ይበራል፣ ደም ሥሩን ታዩታላችሁ። መሃሉን ደግሞ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። አንድ አበባ የሚመስለው ብዙ ነው። መሃል ላይ የተደረደሩት ጥቃቅኖች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበባ ናቸው፣ ከዳር ወደ መሃል ተራ በተራ ይፈነዳሉ። ጤዛ ካለ በአንዷ ጠብታ ውስጥ ከኋላ ያለው ሜዳ ተገልብጦ ይታያል።

ስልኩ ከደበዘዘባችሁ በጣም ቀርባችኋል። አንድ ስንዝር ያህል ወደኋላ በሉ። ንፋስ ካለ በሌላው እጃችሁ ከልሉት፣ ትንፋሻችሁን ያዙና አንሱ። ቢጫው ነጥቶ ከጠፋ ያችን የፀሐይ ምልክት አሁን ወደ ታች ውሰዷት። እባካችሁ ለፎቶ ብላችሁ አትቅጠፉት። የቆመው አበባ ነገም ይነሳል።

መፀው። ጥቅምት ሰማዩ የታጠበ ነው። ለጥቅምት አንድ አጥንት እንደሚባለው ጠዋቱ ይበርዳል፤ ጋቢ ደርባችሁ ውጡ። ከቁስቋም ወይም ከጎሃ ወደ ደቡብ፣ ወደ ደምቢያ ሜዳ ሩቅ ለማየት ከዚህ የተሻለ ወር አላውቅም። ጤፉ በመስከረም አረንጓዴ ነበር፤ ኅዳር ላይ ወርቅ ይሆናል። አዘዞ አካባቢ ለምትኖሩ አንድ ዛፍና አንድ ማሳ አብሮ ማንሳት ይቻላል።

በጋ። አቧራ አለ፣ ሣሩ ደርቋል፣ ብዙ ሰው ምን ይነሳል ይላል። ቆርችን ፈልጉ። ቅጠሉ ረግፎ በባዶ ቅርንጫፍ ላይ ደም የመሰለ አበባ ያወጣል። የአበባ ማር የሚመጥጡ ጥቃቅን ወፎች አይጠፉበትም። አትከተሏቸው፣ ይበራሉ። ስክሪኑ ላይ አበባውን ተጭናችሁ በመቆየት ፎከሱን ቆልፉና ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ራሳቸው ይመጣሉ። አቧራውም ቢሆን ለጀምበር መጥለቂያ ይጠቅማል። ፀሐይዋ ቀይ ሆና ዓይን ሳትወጋ የምትታየው በዚህ ወቅት ነው።

በጥር ሁሉም ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይሄዳል። ለጥምቀት ከቀሃ ውሃ ይሞላል፣ ሕዝቡም ይሞላል። እኔ የምመክራችሁ ግን ከበዓሉ በኋላ በጸጥታው እንድትሄዱ ነው። የዛፎቹ ሥር የድንጋዩን አጥር እንደ ጣት ጨብጦታል። ከጎን የሚመጣ የጠዋት ብርሃን እያንዳንዱን ሥር ለብቻ ያወጣዋል። ቀትር ላይ ከሄዳችሁ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ይቀራል።

ፀደይ። ሚያዝያ ይሞቃል። ጃካራንዳ ያለበት ግቢ ካወቃችሁ ሐምራዊውን አበባ ዛፉ ላይ ብቻ ሳይሆን መሬት ላይ ረግፎም አንሱት። በሚያዝያ አጋማሽ ፀሐይ ልክ በአናታችን ታልፋለች። 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ቀጥ ብላችሁ ብትቆሙ ጥላችሁ እግራችሁ ሥር ይገባል። የዛፋችሁን ጥላ ያን ቀን አንሱት። በታኅሣሥ በዚያው ሰዓት ካነሳችሁት ጥላ ጋር ስታስተያዩት የዓመቱን ዙር በዓይናችሁ ታያላችሁ። ለልጆች ይሄን ማሳየት ደስ ይላል።

ከዚያ ደመናው ይቆለላል። የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማታ ደጃፍ ላይ መብራት አብርታችሁ ጠብቁ። አሸን ሲወጣ ታያላችሁ፤ "እንደ አሸን ፈላ" የምንለው እሱን ነው። ክንፉን ጥሎ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ጠዋት ወፉ ሁሉ ለቀማ ይወርዳል። የረገፈው ክንፍ በር ላይ ተከምሮ ብርሃን ሲያርፍበት በጣም ስስ ነው።

ሰውና ቦታ

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስትገቡ በር ላይ ጠይቁ፤ እንደየቦታው ክፍያ አለ። ገበሬ ወይም እናቶች ፎቶው ውስጥ ከገቡ ሰላምታ ይቅደም። "እማማ፣ ዛፉን ላነሳ ነው፤ እርስዎም ይገቡብኛል፣ ይፈቅዳሉ?" ብትሉ አብዛኛው ሰው ይፈቅዳል፣ ስለ ዛፉም የማታውቁትን ይነግራችኋል። ብሳና ለጭርት መድኃኒት መሆኑን የሰማሁት እንዲህ ጠይቄ ነው። ኬላ፣ ፖሊስ ወይም የመንግሥት ቢሮ ወደ ፎቶው እንዳይገባ ግን አቅጣጫችሁን አስተካክሉ። ችግር የሌለበት መቆሚያ ከመጀመሪያው መምረጥ ይሻላል።

ያነሳችሁትን አስቀምጡ

አንድ ዓመት ስልኬን ለጥገና ሰጥቼ ባዶ ሆኖ ተመለሰልኝ። ከመስከረም እስከ መጋቢት ያነሳሁት ሰባት ፎቶ ጠፋ። ያን ዓመት የነበረው ዝናብ፣ ያን ዓመት የረገፈው ቅጠል ተመልሶ አይነሳም። አሁንም ይቆጨኛል።

ስለዚህ በዚያው ዕለት ሁለተኛ ቦታ አስቀምጡት። ኮምፒውተር ከሌላችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። ስትልኩ ግን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፤ እንደ ፎቶ ሲሄድ ጥራቱ ይቀንሳል። ስሙን በወሩና በቀኑ ጻፉት፦ "ጥቅምት 7፣ ጠዋት 2 ሰዓት"። ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩ። ምን ሸተተ፣ የትኛው ወፍ ጮኸ፣ ጭቃ ነበር ወይስ አቧራ።

በጳጉሜን 13ቱን በትንሹ አሳትሙና ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸው። ቤተሰቡን ጥሩ። የእኔ እናት ባለፈው ዓመት የየካቲቱን አንስታ ቆየች። "ይሄ ቅጠል እሳት መስሎ የለም እንዴ! እኔ በየሳምንቱ በዚህ አልፋለሁ፣ መቼ ነው እንዲህ የሆነው?" አለችኝ። በቀጣዩ 7 አብራኝ ወጣች፤ ድንጋዩ ላይ እኔ ስቆም እሷ ዣንጥላውን ያዘችልኝ።