የኮሎራዶን የአየር ትንበያ ስንከታተል የምንሠራቸው ስህተቶች

ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ ወገኖች፣ ስልካችሁ ላይ የዲግሪውን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትውጡ። እዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት ነፋሱ ነው።

በብርድ ወራት ሰደድ እሳት አይነሳም ብሎ ማሰብ። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ዲሴምበር 30 ቀን 2021 ቦልደር ካውንቲ ውስጥ ሉዊቪልና ሱፒሪየር በተባሉ ከተሞች ላይ የደረሰውን ሰደድ እሳት አስታውሱ። በጸደይ ዝናብ ያደገው ሣር በደረቆቹ ወራት ክው ብሎ ነበር። ከሮኪ ተራሮች ቁልቁል የሚወርድ ነፋስ ደግሞ ሲወርድ ይሞቃል፣ ይደርቃልም። የዚያን ቀን ፍጥነቱ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ደረሰ። ከ1,000 በላይ ቤቶች በሰዓታት ውስጥ ወደሙ። በማግስቱ በረዶ ጣለ! ስለዚህ ነገ በረዶ ይጥላል መባሉ ለዛሬ ዋስትና አይሆንም። ሬድ ፍላግ (እሳት በቀላሉ ሊነሳና ሊዛመት ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ) ከታወጀ ውጭ ከሰል አታቀጣጥሉ፣ ሲጋራም ከመኪና አትጣሉ። ፓስፖርትና የመኖሪያ ወረቀት አንድ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ሰዎች ለመውጣት ያገኙት ጊዜ በጣም አጭር ነበር።

ዎችና ዋርኒንግ የሚባሉትን የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያዎች አንድ ማድረግ። ዎች ከተባለ አደጋው ሊመጣ ይችላል፣ ተዘጋጁ። ዋርኒንግ ከሆነ ግን ደርሷል ወይም ደጃፍ ላይ ነው። ያኔ ጓደኛ ጋ ደውሎ «እውነት ነው እንዴ?» የሚባልበት ሰዓት አይደለም።

በዴንቨር ሰማይ ተራራውን መገመት። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት፤ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈው የመኪና መንገድ፣ አይዘንሃወር ዋሻ፣ ወደ 3,400 ሜትር ይጠጋል። ከተማው ፀሐይ ሆኖ እዚያ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በአይ-70 አውራ ጎዳና ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ የምትሄዱ የከባድ መኪና ሾፌሮች የጎማ ሰንሰለት መያዝ ግዴታችሁ ነው። ሰማዩ ጥርት ቢልም ያው ነው። ከፍተኛ ነፋስ ከተነገረ ደግሞ ባዶ ተሳቢ ይዞ መውጣት ለሕይወት ያሰጋል፤ ተሳቢው ሲቀል ነፋሱ በቀላሉ ይገለብጠዋል። ሎዱ (ጭነቱ) ይቆይ። እባካችሁ፣ ቤት የሚጠብቃችሁ ሰው አለ።

ማታ የአደጋ ማሳወቂያውን ማጥፋት። ድምፁ ቢረብሽም ይከፈት።

ጋራዥ ውስጥ መኪና ማሞቅ። በሩ ቢከፈትም ጭሱ ወደ ቤት ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ውጭ አውጥታችሁ አሙቁ፤ ጭስ ማውጫውን የሸፈነውንም በረዶ መጀመሪያ ጥረጉ።