ዲግሪው ደሴ፣ ሥራው ጀርመን

ደሴ የተማርኩበትን ዲግሪ ጀርመን ለማሳወቅ ስሞክር ያዘገየኝ የጀርመን ቢሮክራሲ አይደለም። አንዲት ፊደል ናት። ፓስፖርቴ ላይ «ሰይድ» በ«አይ» ተጽፏል፣ ዲግሪዬ ላይ በ«ዋይ»። የአያቴ ስም ሙሐመድም አንዱ ወረቀት ላይ መሐሉ ባለ አንድ «ኤም»፣ ሌላው ላይ ባለ ሁለት «ኤም» ነው። ለወሎ ሰው ይሄ ምንም አይደለም። ፋይሉን ለያዘው ጀርመናዊ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነን።

ስለዚህ ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት ወረቀታችሁን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ፓስፖርት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ)። ስሙንም ቀኑንም አንድ በአንድ አስተያዩ። አንዱ በኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ከሆነ ሰባት ስምንት ዓመት ይዛባል። ልዩነት ካገኛችሁ መጀመሪያ ተቋሙን ደብዳቤ ጠይቁ። እምቢ ካለ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው፤ እሱ ደግሞ ጊዜ ይበላል።

በ2013 መጨረሻ ወልዲያ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነቱ ሲገባ ብዙ ተቋም ተዘርፏል። ከዚያ በፊት የተማራችሁ ፋይላችሁ መኖሩን በስልክ ሳታጣሩ ሰው አትላኩ።

ሰው መላክ ካልን፣ ውክልናው ላይ ስስት አያስፈልግም። እኔ «ጉዳዬን ሁሉ እንድትፈጽም» ብዬ ለእህቴ ሰጠኋት። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ስትደርስ ሬጅስትራር ቢሮው ውስጥ «እህቴ፣ ትራንስክሪፕት የሚል የቱ ጋ ነው?» ተባለች። ልክ ናቸው፣ አልተጻፈም። ትራንስክሪፕት ማውጣት፣ ኦሪጅናል ዲግሪ መረከብ፣ ክፍያ መፈጸም፣ ማረጋገጥ ብላችሁ ዘርዝሩ። ኤምባሲ የሰጣችሁ ውክልናም አገር ቤት ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል።

ሁለተኛው ጉዞ ላይ ኮስት ሼሪንግ መጣ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ወጪ መጋራቱን ሳይጨርስ እጁ ላይ ያለው ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ ዲግሪ፣ ብቻ ነው። ክሊራንስ ከሌለ ኦሪጅናሉ አይወጣም። ከአሥር ዓመት በፊት ተፈራርመን የረሳነው ዕዳ እኮ አልረሳንም!

በሦስተኛው ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ወጣ። ስቱደንት ኮፒ ውጭ አገር አይሠራም፤ የሚፈለገው ሬጅስትራሩ አሽጎ ማኅተም የመታበት ፖስታ ነው። እናታችን ግን «እስቲ ልጄ ያመጣውን ውጤት ልየው» ብላ ቀደደችው። የተከፈተ ፖስታ ዋጋ የለውም። እህቴ አራተኛ ጊዜ ሐረጎን ወጣች። ቤት ላሉት ሁሉ አስጠንቅቁ፣ በተለይ ለእናት።

የግል ኮሌጅ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጫ ይጨመራል። ኢትዮጵያ የአፖስቲል ስምምነት (ሰነድ በአንድ ማረጋገጫ ብቻ በአባል አገሮች እንዲሠራ የሚያደርገው) ውስጥ የለችም። ስለዚህ ሰነዱ ውጭ ጉዳይ ከተረጋገጠ በኋላ የምትሄዱበት አገር ኤምባሲ ምን እንደሚጠይቅ ራሱን ጠይቁ። «አፖስቲል አሠራለሁ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

ከዚህ በኋላ ያለው እንደ አገሩ ነው። ጀርመን ዩኒቨርሲቲያችሁ ይታወቅ እንደሆነ አናቢን የሚባለው መረጃ ቋት ላይ በነፃ ይታያል። «ኤች ፕላስ» የሚል ካለበት ተቋሙ ይታወቃል ማለት ነው። ነርስ፣ ሐኪምና መምህር ግን ሳይፈቀድላቸው የማይሠሩበት ሙያ ስለሆነ ክፍለ ግዛቱ ራሱ ይመረምራል። ጉድለት ካገኘ ማሟያ ሥልጠና ወይም ፈተና ይሰጣል። ለነርስ የሚጠየቀው የጀርመንኛ ደረጃ ብዙውን ጊዜ ቢ2 (ከመካከለኛ ከፍ ያለ) ነው። አሜሪካ አንድ የመንግሥት ቢሮ የለም፤ እንደ ደብልዩ ኢ ኤስ ያሉ የግል ገምጋሚዎች ናቸው፣ የነርስ ፈቃድ ደግሞ የስቴቱ ቦርድ ነው። ሳውዲና ኤሚሬት ለሚሄድ የጤና ባለሙያ ዳታፍሎው የሚባል ድርጅት ማስረጃውን ካስተማራችሁ ተቋም በቀጥታ ይጠይቃል። ሬጅስትራሩ ኢሜይል ካልመለሰ ፋይላችሁ እዚያው ተቀምጦ ይቀራል። ስለዚህ ወኪላችሁ ቢሮው ድረስ ሄዶ «ኢሜይል ደርሷችኋል?» ይበል።

ኤሌክትሪሻን፣ በያጅ ወይም መካኒክ የሆናችሁ፣ የቴክኒክና ሙያ ደረጃ 3 እና 4 የሚለው ቁጥር ብቻውን ለጀርመን ምንም አይነግረውም። የተማራችሁትን ዝርዝርና ሰዓቱን ከኮሌጁ አውጡ። የሥራ ልምድ ደብዳቤም ሰብስቡ፣ በሥልጠና የጎደለውን ልምድ ሊሞላው ይችላል። «በቅንነት አገልግሏል» የሚል ደብዳቤ ግን አይጠቅምም። ምን እንደጠገናችሁ፣ በየትኛው ማሽን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ አሠሪው ይጻፍ። ጋራዡ ሳይዘጋ፣ ባለቤቱም ከተማ ሳይቀይር።