ኮሞሮስ ለመሄድ በጀት ስናወጣ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ኮሞሮስ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው። የተጠለፈው አውሮፕላናችን ነዳጅ ጨርሶ እዚያው ባሕር ላይ ወደቀ፤ 125 ሰው አለቀ። ከዚያ ወዲህ ስለ አገሪቱ የምንሰማው ጥቂት ነው። ግን አየር መንገዳችን ዋና ከተማዋ ሞሮኒ ድረስ ይበራል። ቫኒላና ቅርንፉድ የሚበቅልባት፣ የባሕር ኤሊዎች ዳርቻዋ ላይ እንቁላል የሚጥሉባት የደሴቶች አገር ናት። መሄድ ለሚያስብ ሰው ደስ ይለኛል። በጀት ሲያወጣ ግን እነዚህን ስህተቶች ባይሠራ እመኛለሁ።

ዋናው ስህተት "አገሪቱ ድሃ ናት፣ ስለዚህ ርካሽ ናት" ብሎ መነሳት ነው። ደሴት ላይ ዋጋን የሚወስነው መርከብ ነው። ሩዙ፣ ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ ነዳጁ፣ ሲሚንቶው ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ሆቴሉም ጥቂት ስለሆነ አንዱ ውድ ነው ብለው ወደ ሌላው የሚሄዱበት አማራጭ ብዙ የለም። መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጀነሬተር የሚጠጣው ናፍጣም ክፍሉ ዋጋ ላይ ይጨመራል። ርካሽ የሚሆነው እዚያው የሚገኘው ነው፦ ዓሣ፣ ሙዝ፣ ካሳቫ፣ ኮኮናት፣ ከሌላ ሰው ጋር የሚጋሩት ታክሲ። ስለዚህ ለምግብ የያዙትን ትንሽ ቀንሰው ለመኝታና ለመጓጓዣ ይጨምሩ። ለውኃም ይያዙ። ትልቋ ደሴት ግራንድ ኮሞር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ ዝናቡ በእሳተ ገሞራው ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ይጠፋል። የታሸገ ውኃ በየቀኑ የሚገዛ ነገር ነው።

ሁለተኛው በካርድ መተማመን ነው። ካርድ የሚቀበል ቦታ ጥቂት ነው፣ ኤቲኤምም እንደልብ አይገኝም። ከሞሮኒ ከወጡ በኋላ ካሽ ከሌለዎት ችግር ነው። የሚይዙት ደግሞ ዩሮ ይሁን። የኮሞሮስ ፍራንክ ከዩሮ ጋር የታሰረ ነው፤ 1 ዩሮ ወደ 492 ፍራንክ ይመነዘራል፣ ይህም ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተለወጠም። ከአሜሪካ ዶላር ይዞ የሚመጣ ሰው ግን ዶላሩ ከዩሮ አንጻር በወጣና በወረደ ቁጥር በጀቱ ይናጋል። ለስሌት አንድ ቀላል ዘዴ አለ፦ ሦስት ዜሮ ያንሱና በሁለት ያባዙ። ሻጭዋ 5,000 ፍራንክ ካለችዎት 5 ሲባዛ በ2፣ ወደ 10 ዩሮ ነው።

ደግሞ ዝርዝር ይያዙ። ድፍን የ100 ዩሮ ኖት ለታክሲ ሹፌር ቢዘረጉለት መልስ ከየት ያመጣል? አምስት፣ አሥርና ሃያ ዩሮ ቢኖርዎት ይሻላል።

ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ሰው ዩሮ ማግኘት ከወዲሁ የሚሠራ ሥራ ነው። ብር እዚያ የሚመነዝርልዎት የለም። ቪዛው የሚሰጠው አየር ማረፊያ ሲደርሱ ስለሆነ ለባንክ የሚያሳዩት ቪዛ አይኖርዎትም፤ እናም የውጭ ምንዛሪ የሚሰጥዎት ባንክ ምን ምን ሰነድ እንደሚፈልግ ከሳምንታት በፊት ይጠይቁ። ለቪዛውም 30 ዩሮ ለብቻው ይቀመጥ።

ሦስተኛው ስህተት በጣም ያሳስበኛል፤ ጉዞን የሚያበላሸው እሱ ነውና። ሰዎች "ኮሞሮስ አንድ ሳምንት" ብለው ይጽፋሉ። ኮሞሮስ ግን ሦስት ደሴት ናት፦ ግራንድ ኮሞር፣ አንጁዋን፣ ሞሄሊ። (አራተኛዋ ማዮት የምትተዳደረው በፈረንሳይ ነው፤ ቪዛዋም ሌላ ነው።) ኤሊዎቹን ለማየት የሚፈልጉ ከሆነ ሞሄሊ፣ ኢትሳሚያ መንደር መድረስ አለብዎት። ወደ ሞሄሊ ወይ በትንሽ አውሮፕላን ይሄዳሉ፣ ወይ ከግራንድ ኮሞር ደቡብ ጫፍ፣ ከቺንዲኒ፣ በጀልባ ይሻገራሉ። ባሕሩ ከተናወጠ ጀልባው አይነሳም። በረራውም ሰዓቱ ይቀየራል፣ አንዳንዴም ይሰረዛል። እንግዲህ አስቡት፦ ሞሄሊ ላይ ቁጭ ብለው ነፋሱ እስኪበርድ ሲጠብቁ የአዲስ አበባው በረራ ያመልጥዎታል። አዲስ ትኬት ሊገዙ ነው። የሁለት ሌሊት መኝታና ምግብ "የመጠባበቂያ ቀን" ብለው በጀቱ ውስጥ ቢጽፉ ከዚያ ትኬት ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ነው። ወደ ግራንድ ኮሞርም ከመነሻዎ ሁለት ቀን ቀደም ብለው ይመለሱ። አየር ማረፊያው ሃሃያ ያለው እዚያ ነው።

ጊዜውን ሳያዩ ዋጋ መገመትም አለ። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ድረስ ሙቀትና ዝናብ ነው፣ አውሎ ነፋስም ይመጣል። ደረቁ ወቅት ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ ግን በፈረንሳይ የሚኖሩ ኮሞሮሳውያን አገር ቤት የሚገቡበት ጊዜ ነው። ታላቁ ሠርግ የሚባለው፣ ሰው ለዓመታት ቆጥቦ መንደሩን ሁሉ የሚያበላበት ድግስ፣ በብዛት የሚደገሰው ያኔ ነው። አውሮፕላን ይሞላል፣ ዋጋ ይሰቀላል። ለገና ከአሜሪካ አዲስ አበባ ትኬት የፈለገ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ግንቦት፣ ሰኔ ወይም ጥቅምት ላይ ቢሄዱ ኪስዎ ይተነፍሳል። ረመዳንንም ይዩ፤ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ስለሆነ ቀን ቀን ክፍት ምግብ ቤት ማግኘት ይከብዳል።

የጤና ወጪ ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚቆረጥ መሆን የለበትም። ወባ አለ። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ለወባ ባዕድ ነው፤ መከላከያውን ሐኪም አማክሮ ይውሰድ። ከበድ ላለ ሕመም ከአገር መውጣት ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ታማሚን በአውሮፕላን ማጓጓዝን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ይግዙ።

ግራንድ ኮሞር ላይ ያለውን እሳተ ገሞራ፣ ካርታላ ተራራን ለመውጣት ያሰበ ሰው ጫፉ 2,361 ሜትር ብቻ መሆኑን ሲያይ "ይሄማ የአዲስ አበባ ከፍታ ነው" ብሎ መሪ መቅጠሩን ይተወዋል። ከፍታው እውነት ነው። ጉዞው የሚጀምረው ግን ከባሕር ዳርቻው ሙቀት ነው፣ አንድ ሌሊትም እላይ ይታደራል፣ መንገድ ላይ ውኃ የለም። መሪና ውኃ የሚሸከም ሰው ቀጥረው ይውጡ፤ ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ።

የተረፈውን ፍራንክ ወደ ዩሮ የሚመልሱት ሞሮኒ ሳሉ፣ ባንክ ክፍት በሆነበት ቀን ነው። ዓርብ ከሰዓት የጁምዓ ሶላት እንዳለ አይርሱ። ሃሃያን ካለፉ በኋላ ፍራንኩን የሚቀበል መንዛሪ ማግኘት ከባድ ነው።