የብስኩት ባቡር ጣቢያችን ለምን ፈረሰ? የዝንጅብል ብስኩት ቤት በድሬ ሙቀት

ዘንድሮ ለገና ከልጆቹ ጋር በዝንጅብል ብስኩት የሠራነው የድሬዳዋን የድሮ ባቡር ጣቢያ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ባይደርስ ድሬ የምንላት ከተማ መቼ ትኖር ነበር? ዝንጅብሉን፣ ቀረፋውንና ቅርንፉዱን ከቀፊራ ገበያ ገዛን። ያስቸገረን ግንባታው ነው።

ግድግዳው ተንሸራቶ ይወድቃል

ዋናው ችግር ይሄ ነው። ልጄ ጣሪያውን ስትጭን የፊት ለፊቱ ግድግዳ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ሄደና ለሁለት ተሰበረ። እንባዋ መጣ። ጥፋቱ ግን የእሷ አልነበረም፤ ማጣበቂያው ክሬም ቀጥኖ ነው። ለአንድ የእንቁላል ነጭ 250 ግራም ያህል ዱቄት ስኳር ያስፈልጋል። ማንኪያውን ስታነሱት የክሬሙ ጫፍ ቀጥ ብሎ ከቆመ በቅቶታል። ከታጠፈ ስኳር ጨምሩ። ስኳሩን ቤት ከፈጫችሁት ደግሞ በደቃቅ ወንፊት ንፉት።

ሌላው ምክንያት ችኮላ ነው። ግድግዳዎቹን አቁማችሁ ከውስጥም ከውጭም በብርጭቆ ደግፏቸው፤ ጣሪያውን በማግስቱ ጫኑ። እኛ በሁለተኛው ሙከራ ማታ አቁመን ጠዋት ስንጭን ንቅንቅ አላለም።

የምትጾሙ ከሆነ እንቁላሉ አያሳስባችሁ። ያለ ጨው ሽምብራ የተቀቀለበት ወፍራም ውሃ ሲመቱት እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ ይሠራል። ሁለት የሾርባ ማንኪያው የአንድ እንቁላል ነጭ ቦታ ይተካል። ረዘም አድርጋችሁ ምቱት እንጂ ይሆናል። ለልጆች ጥሬ እንቁላል መስጠት ለሚፈራ ሰውም ይሄኛው ይሻላል።

ክሬሙ ሳህኑ ላይ እያለ ይደርቃል

አየራችን ደረቅ ነው፣ ቬንትሌተሩም ያግዘዋል። ሳህኑን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። የምትጠቀሙበትን ያህል ብቻ ላስቲክ ውስጥ ጨምራችሁ ጫፉን በትንሹ ቁረጡ።

ቅርጹ ኦቨን ውስጥ ይለጠጣል

በሩ ሰፍቶ፣ መስኮቱ ጠቦ ይወጣል። ሊጡ ሞቆ ቅቤው ስለቀለጠ ነው፤ ቤኪንግ ፓውደር ሲበዛም እንዲሁ ያደርጋል። ሊጡን መጋገሪያ ወረቀት ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አድርጋችሁ ዳምጡት። ቁረጡትና ከነወረቀቱ ለ30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ 180 ዲግሪ ላይ ጋግሩት። እንደወጣ፣ ገና ትኩስ እያለ፣ የቆረጣችሁበትን የወረቀት ልክ ላዩ ላይ አድርጋችሁ ጠርዙን በቢላ አስተካክሉ። ከቀዘቀዘ በኋላ ይሰባበራል፤ አትሞክሩት።

ብስኩቱ ይታጠፋል

አልበሰለም ማለት ነው። እኛ ጋ መሀል ላይ መብራት ጠፍቶ ነበር። አትጣሉት። መብራት ሲመጣ በ140 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ያህል አድርቁት። ቀዝቅዞ በጣት ሲመቱት ኳ ካለ ግድግዳ ይሆናል።

የከረሜላው መስኮት ያጣብቃል

መስኮቶቹን የሠራነው ጠንካራ ከረሜላ ወቅጠን፣ መጋገሩ ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው ክፍተቱ ውስጥ በመጨመር ነው። ቀልጦ ሲረጋ አረንጓዴና ቀይ መስታወት ይመስላል። በኋላ ላይ ማጣበቅ ሲጀምር ሙቀቱ ነው ብዬ ነበር። ለካ እንፋሎቱ ኖሯል፤ ከረሜላ እርጥበት ይስባል። ጣቢያው የተቀመጠው ዶሮ ወጡ ከሚንተከተክበት ምድጃ አጠገብ ነበር። ሳሎን ስናዞረው መጣበቁ ቀነሰ። የገና ዋዜማ ማታ ከውስጡ ትንሽ የባትሪ መብራት አኖርንበት። ሻማ ግን አታስገቡ፤ መስኮቱን ያቀልጠዋል።