ሞዴሉ ንዑስ ቡድኑን በትክክል ይገልጸዋል? የሰርቬይ ዳታ ችግርና መፍትሄ

በሰርቬይ ዳታ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን (አዎ ወይም አይ የሆነ መልስን ዕድል የሚተነብይ ሞዴል) ሲሠራ ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው ገና ሞዴሉ ሳይጀመር፣ ዳታው ሲቆረጥ ነው። ምሳሌያችን የ2016 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ይሁን። ከ21 ስትራታ (ናሙናው ለየብቻ የወጣባቸው ምድቦች፤ አንዱ ስትራተም ይባላል) 645 የቆጠራ ቦታዎች (ክላስተሮች) ተመርጠው 15,683 ሴቶች ተጠይቀዋል። እኛ የምንፈልገው ግን ያገቡና ከፍተኛ ትምህርት የተማሩትን ብቻ ነው። የወሊድ መከላከያ ይጠቀማሉ ወይ?

ምልክት፦ ስታንዳርድ ኤረሩ አይወጣም

ስታታ የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ኮኤፊሸንቱን ይሰጣል፤ በስታንዳርድ ኤረሩ (ግምቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል በሚያሳየው ቁጥር) ቦታ ግን ነጥብ ብቻ ነው ያለው። ከታች አንድ ክላስተር ብቻ የቀረው ስትራተም እንዳለ ይነግራችኋል።

ምክንያቱ ሌሎቹ ሴቶች በ«ድሮፕ» (ረድፍ በሚሰርዘው ትዕዛዝ) መጣላቸው ነው። በብዙ የገጠር ክላስተሮች እንዲህ ያለች ሴት ላትገኝ ትችላለች። ረድፎቹ ሲጠፉ ክላስተሩም አብሮ ይጠፋል፤ ሶፍትዌሩም ጭራሽ እንዳልተመረጠ ይቆጥረዋል።

አንድም ረድፍ አትጣሉ። የቡድኑ ለሆነች 1፣ ላልሆነች 0 የሆነ መለያ ሥሩና በስታታ «ሰብፖፕ» (የንዑስ ቡድን አማራጭ) አስገቡት። አር በተባለው ሶፍትዌር የምትሠሩ ከሆነ ዲዛይኑን (የስትራታ፣ የክላስተርና የዌይት መረጃውን) በሙሉ ዳታው ገንቡ፤ «ሰብሴት» የምታደርጉት ከዚያ በኋላ፣ ዲዛይኑን ራሱን ነው። ማስታወሻው ባይመጣም ይህን አትዝለሉ። ስታንዳርድ ኤረሩ ምንም ሳይነገራችሁ ሊዛባ ይችላል።

ምልክት፦ የሆስመር–ሌመሾው ፈተና ሞዴሉን ይጥላል

ይህ የተለመደ ፈተና የሞዴሉ ትንበያ ከዳታው ጋር መግጠሙን ያያል፤ ግን እያንዳንዷ ሴት ለብቻዋ በዕጣ የወጣች ይመስለዋል። የአንድ ክላስተር ጎረቤቶች ግን ይመሳሰላሉ፤ ዌይታቸውም (እያንዳንዷ ሴት በስሌቱ የሚሰጣት ክብደት) ይለያያል። ስለዚህ ፒ-ቫልዩው (ሞዴሉ ትክክል ቢሆን እንዲህ ያለ ልዩነት በአጋጣሚ የሚታይበት ዕድል) አይታመንም።

ኬሊ አርቸርና ስታንሊ ሌመሾው በ2006 ያቀረቡት ፈተና ለዚህ የተሠራ ነው። ለንዑስ ቡድን በእጅም ይሠራል። በቡድኑ ውስጥ ብቻ የተተነበየውን ዕድል አስሉ፤ ከትክክለኛው መልስ ቀንሱና ሬዚጁዋሉን ያዙ። ሴቶቹን በተተነበየው ዕድል፣ ዌይቱን ቆጥራችሁ፣ በአሥር ክፈሉ። ከዚያ ያው «ሰብፖፕ» እንዳለ የየክፍሉ አማካይ ሬዚጁዋል እኩል መሆኑን በዋልድ ፈተና (ብዙ ኮኤፊሸንቶችን በአንድ ላይ የሚፈትን፤ ውጤቱ በኤፍ የሚሰጥ) ፈትኑ።

እዚህ ላይ ክላስተር ቁጠሩ። ቡድኑ ያለባቸው ስትራታ ሁለት፣ ክላስተሮቻቸው 30 ቢሆኑ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ (ክላስተሮቹ ሲቀነስ ስትራታው) 28 ነው። በአሥር ከከፈላችሁ የኤፍ ፈተናው ዲግሪዎች (9፣ 20) ይሆናሉ (10−1 እና 28−9+1)፤ አቅሙ ይዳከማል። እንዲህ ሲሆን በአምስት መክፈል ይሻላል።

ምልክት፦ ፒ-ቫልዩው ከ0.05 በላይ ነው፣ ትንበያው ግን አላማረም

አነስተኛ ቡድን ላይ ይህ ይጠበቃል። ፈተናው ስህተት አላገኘም ማለት ስህተት የለም ማለት አይደለም። እኔ ከፒ-ቫልዩው በፊት የየክፍሉን አማካይ አያለሁ። አንዱ ክፍል −0.06 ካሳየ ሞዴሉ እዚያ ዕድሉን በ6 የመቶኛ ነጥብ አጋኗል ማለት ነው።

ቀጥሎ ሬዚጁዋሉን በዕድሜ ምድብ እዩት። ሁለቱ ጫፎች ኔጌቲቭ፣ መሃሉ ፖዘቲቭ ከሆነ ዕድሜን እንደ ቀጥታ መስመር አስገብታችሁታል። የዕድሜን ስኩዌር ወይም ስፕላይን (የተቀጣጠሉ ኩርባ መስመሮች) ጨምሩና ያንኑ ፈተና በዚያው ዲዛይን ድገሙት።